አርሶ አደሩ ባለቤት የሚሆንበት ዓመታዊ የግብርና ትርኢት ለጎንደር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በግብርና ልማት ሠራተኝነት ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የጎንደር ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከአገልግሎት ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍሁት በደምቢያ ሜዳ ነው፤ በላይ አርማጭሆና በዳባትም ሠርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ልጄን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ወደምትባለው ግዛት በሄድሁበት ጊዜ ያየሁት የግብርና ትርኢት ነው። በባዕድ አገር የታየ ሁሉ ለእኛ ይበጃል ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም፤ መሬታቸውም፣ የአየር ጠባያቸውም፣ የአንድ አርሶ አደር የይዞታ ስፋትም ከእኛ ጋር አይገናኝም። ሆኖም በዚያ ትርኢት ያየሁት አንድ አሠራር በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲከነክነኝ ለኖረ ጉዳይ መልስ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በጋዜጣችሁ በኩል ለከተማችን ሕዝብና ለአካባቢው የግብርና ሰዎች ላካፍለው ወደድሁ።

የሚኒሶታ ትርኢት ግዛቲቱ በተመሠረተች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 የተጀመረ ነው። ከ1885 ወዲህ አሁን ባለበት ቦታ፣ ከሴንት ፖል ከተማ ጥግ፣ ዛሬ 130 ሄክታር ገደማ በሚሆን ግቢ ውስጥ ይካሄዳል፤ አሁን በየዓመቱ 12 ቀናት ይቆያል። ጊዜው ስለማይለዋወጥ ሕዝቡ ዓመቱን ሙሉ ያውቀዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ፍልሰታ በሚፈታበት ሰሞን ተከፍቶ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎብኝቶታል። ከ1949 ወዲህ ደግሞ ከመንግሥት በጀት አይመደብለትም፤ ራሱን የሚያስተዳድረው ከመግቢያ ትኬት፣ ከቦታ ኪራይና ከመሳሰለው በሚያገኘው ገቢ ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ዘፈኑና ስለ ልጆች መጫወቻው እዚህ ላይ አላነሣም። ለብዙው ጎብኚ ዋናው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በጎበኘሁባቸው ሦስት ቀናት ሁሉ የዋልሁት በከብቱ፣ በበጉና በሰብሉ አዳራሽ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በበጎቹ አዳራሽ ቦታ ይዘን እንደተቀመጥን፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት የሚሆን ልጆች እያንዳንዳቸው አንዳንድ በግ ይዘው ወደ መወዳደሪያው ሜዳ ገቡ። ልጆቹ ፎር ኤች የሚባለው የወጣቶች ማኅበር አባላት ናቸው፤ በጎቹን ሲመግቡና ሲያጥቡ የከረሙትም ራሳቸው ናቸው። ከፊት ለፊታችን የቆመችው ልጅ ፊቱ የጠቆረ ጠቦት ይዛ ነበር። ገመድ አላሰረችለትም፤ በሁለት እጇ አገጩን ደግፋ፣ ጉልበቷን ከደረቱ አስጠግታ፣ ዓይኗን ከዳኛው ላይ ሳትነቅል ቆመች። ዳኛው ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። መዳፉን በጠቦቱ ወገብ ላይ አሳርፎ ጫን አለ፤ ጣቶቹን በጎድኑ ላይ አሳለፈ፤ የኋላ ጭኑን በእጁ መጥኖ ወደሚቀጥለው አለፈ። ይህ አያያዝ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በቅዳሜ ገበያም ቢሆን ለዓመት በዓል በግ የሚገዛ ሰው ወገቡንና ላቱን ሳይዳብስ ዋጋ አይጠራም። እንግዳ የሆነብኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ዳኛው የድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ድረስ እየዞረ፣ እያንዳንዱን በግ ለምን በዚያ ተራ እንዳስቀመጠው ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አስረዳ። ልጄ እንደተረጎመችልኝ፣ የዚያች ልጅ ጠቦት ሁለተኛ የወጣው ከትከሻው ኋላ ጠበብ ያለ በመሆኑ ነው፤ በእግሩ አቋምና በአረማመዱ ግን ከአንደኛው እንደሚሻል ዳኛው ጨምሮ ተናገረ። ልጅቱ ራሷን ነቅንቃ አንደኛ የወጣውን ልጅ ጨበጠችው። ለሚቀጥለው ዓመት ምን ዓይነት በግ መምረጥ እንዳለባት አውቃ ወጣች።

በሠላሳ ሦስት ዓመት የሥራ ዘመኔ ለአንድ አርሶ አደር ለምን ሁለተኛ እንደወጣ በአደባባይ ሲነገረው አይቼ አላውቅም፤ ለምን አንደኛ እንደወጣም ቢሆን። በዚያ አዳራሽ ተቀምጬ ያስታወስሁት አንድ የደምቢያ አርሶ አደር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በተዘጋጀ አንድ ዐውደ ርእይ ላይ እንዲገኝ የጋበዝሁት እኔ ነበርሁ። ከአባቱ በወረሰው ዘር ያመረተውን ነጭ ጤፍ በአቁማዳ ይዞ መጣ፤ ሚስቱ ሦስት ቀን ሙሉ በሰፌድ ስታበጥረውና ስትለቅመው ሰንብታ አንድ እንክርዳድ እንኳ አልቀረበትም። ጤፉ በብርጭቆ ዕቃ ተጨምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና፣ ከፊቱ ዝግጅቱን የመራው መሥሪያ ቤት ስም በትልቁ ታተመበት። የእርሱ ስም የትም ቦታ አልነበረም። ባለሥልጣናት ሲጎበኙ ጤፉን የሚያስረዳ አንድ ወጣት ባለሙያ ተመደበ፤ አርሶ አደሩ ከሌሎች ጋር ከድንኳኑ ኋላ ተሰልፎ እንዲያጨበጭብ ተደረገ። ማታ ስሸኘው «ልጄ፣ ጤፉስ የኔ ነው፤ የተጻፈበት የማን ስም ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ስጋብዘው አልመጣም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

በአገራችን አርሶ አደርን መሸለም አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን ኮከብ ገበሬ ይባል ነበር፤ በኋላ ሞዴል አርሶ አደር ተባለ። ሜዳሊያውም፣ የምስክር ወረቀቱም፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩም ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ከተሸለሙት መካከልም ለክብሩ የሚበቁ ጎበዞች እንደነበሩ እመሰክራለሁ። ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። ተሸላሚው የሚመረጠው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በመውሰዱ፣ ብድሩን በወቅቱ በመክፈሉ፣ በስብሰባና በተፋሰስ ሥራ በመገኘቱ ተደምሮ፣ በወረዳና በቀበሌ ሰዎች ወረቀት ላይ ነው። ምርቱ ራሱ ከጎረቤቱ ምርት አጠገብ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ እህልን በዓይኑና በጥርሱ የሚያውቅ ሰው መርምሮት አይደለም። ስለዚህ ያልተሸለመው ሰው በልቡ «ዘመድ ስላለው ነው» ይላል፤ ይህን ቢል ደግሞ እኔ አልፈርድበትም፤ ምክንያቱን ማንም አልነገረውምና።

ጎንደር ለእንዲህ ያለ ትርኢት የሚቀርብ ነገር አይቸግራትም። ከከተማችን ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የደጋውን ገብስና ድንች ያገኛል። ወደ ምዕራብ መተማ የወረደ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ባለ ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላና የዕጣን ዛፍ ያያል። በመካከሉ የደምቢያ መረሬ አፈር አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል፤ ጤፉን፣ ዳጉሳውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ጥቁር አዝሙዱን ቆጥሬ አልጨርስም። ሰሊጣችን የሑመራና የወለጋ ከሚባሉት ጎን «የጎንደር» ተብሎ በውጭ ገበያ በራሱ ስም የሚጠራ ነው። ስሟን ተሸክሞ ባሕር የሚሻገር ምርት ያላት ከተማ፣ ያንኑ ምርት አምራቹ ራሱ ይዞ ቀርቦ ከባልንጀራው ምርት ጋር የሚያስተያይበት ቋሚ ቀን ሊኖራት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የፎገራ ከብት ነገር ነው። ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳና በደምቢያም በኩል የኖረው ይህ ዝርያ፣ ጥቁርና ነጭ መልኩ ከሩቅ የሚለይ፣ ላሟ በወተቷ የተመሰገነች፣ በሬው በረግረግና በጭቃ መሬት የሚጠመድ ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ፎገራ ገብቶ ሜዳውን ለውጦታል። ለአርሶ አደሩ የሰጠውን ገቢ አልክድም፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ከብቱ ይሰማራበት የነበረው ሜዳ እየታረሰ ሲሄድ የከብቱ ቁጥር እየቀነሰ፣ ከሌላ ዝርያ ጋርም እየተደባለቀ መጥቷል። ዛሬ አንድ ወጣት አርሶ አደር «ጥሩ የፎገራ ኮርማ የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቀው የሚነግረኝ ስለ መልኩ ብቻ ነው። በሚኒሶታ የከብቶች አዳራሽ ሆልስታይን ከሆልስታይን ጋር፣ ጀርሲ ከጀርሲ ጋር ለየብቻው ይዳኛል፤ ዳኛውም የጡቷን አቀማመጥ፣ የጀርባዋን ቀጥታ፣ የሰኮናዋን አቋም እያነሣ ይናገራል። በየዓመቱ ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ጥሩ ላም ምን እንደምትመስል አስተማሪ አያስፈልገውም። ለፎገራ ጊደርና ለፎገራ ኮርማ እንዲህ ያለ ውድድር በየዓመቱ ቢኖር፣ አንደኛ የወጣው ኮርማ ባለቤት ለማስጠቃት ስንት እንደሚጠየቅ ከብት የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል፤ ንጹሑን ዝርያ መያዝም ጥቅም እንዳለው ያኔ ሰው ያምናል። የምርምር ማዕከላት ዝርያውን ለመጠበቅ የሚደክሙት ድካም ሥር የሚሰድደው አርሶ አደሩ በዚህ መንገድ ሲገባበት ይመስለኛል።

በሰብሉ አዳራሽ ደግሞ በሸራ ላይ ተሠርቶ የተሰቀለ የሚመስል ሥዕል አየሁ። ቀርቤ ስመለከተው ቀለም የለውም፤ ከእህልና ከአትክልት ዘር ፍሬ በፍሬ እየተለጠፈ የተሠራ ነው። ለፊት ገጽታው ጥላ የሰጡት ቡናማ ፍሬዎች ከተልባ የማይበልጡ ነበሩ። ይህም ራሱን የቻለ ውድድር አለው። እዚያው ቆሜ በጤፍ፣ በኑግ፣ በሰሊጥና በምስር የኛ ልጆች ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ አሰብሁ፤ ቀይ ጤፍና ነጭ ጤፍ ብቻ እንኳ ጥላና ብርሃን ይሆናሉ። ነገር ግን ስለ ዘር ካነሣሁ ከሥዕል የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ሃኒክሪስፕ የሚባል የፖም ዝርያ ዛሬ ግዛቲቱ የምትኮራበት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የፖም ዝርያዎች ከአትክልተኞቹ ፖም ጋር በአንድ ግቢ ይታያሉ። እኛም በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ቁንጮ የሚባል ጤፍ አለን፤ ፈጥኖ የተስፋፋው አርሶ አደሩ በጎረቤቱ ማሳ ላይ አይቶት ጭምር ነው። ቁንጮና ያ የደምቢያ ሰው ከአባቱ የወረሰው ዘር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ በምርት ብዛት፣ ሌላው በእንጀራው ልስላሴና በጭዱ ሊመሰገን ይችላል፤ ተመራማሪውም ሊጠፋ የደረሰ የአገር ዘር ማን ቤት እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ቀን ነው።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር ልበል። የገጠር ልጅ ከስድስትና ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እረኛ ነው። የትኛዋ ላም ከመንጋው ተነጥላ እንደምትሄድ፣ የትኛዋ ጥጃዋን እንደምትከለክል፣ የትኛው ወይፈን ለቀንበር እንደሚገራ ከአባቱ ቀድሞ ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ እረኝነቱንም ሊያፍርበት ይጀምራል። ያቺ ጠቦቷን ይዛ የቆመች ልጅ አላፈረችም፤ ሁለት ሺህ ሰው እየተመለከታት አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። በወተት ከብት እርባታ ካደጉት ልጃገረዶች መካከል በየዓመቱ ለአንዲቱ የከብት አርቢዎቹ ተወካይነት ማዕረግ ይሰጣታል፤ መልኳም በብርድ ክፍል ውስጥ 40 ኪሎ ግራም ገደማ በሆነ የቅቤ ክምር ላይ ይቀረጻል። ቅቤን ያህል ነገር ለዚህ ማዋል ለእኛ ሰው ይከብደዋል፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ልጄ ግን ቅቤው አይጣልም፣ ለልጅቱ ቤተሰብ ይሰጣል ብላ ስትነግረኝ ቅር ያለኝ ለቀቀኝ። የላም ልጅ ሆና ማደጓ በሕዝብ ፊት ክብር ሆኖላታል። በጎንደር ትርኢት ላይ ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ዶሮም ጠቦትም ያሳደጉ ልጆች የሚወዳደሩበት ሜዳ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲኖር አጥብቄ የምለምነው ለዚህ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ ያሉት ቀናት ይሻላሉ እላለሁ። በጥር ሰብሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ከብቱም ገና አልከሳም፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት የመዘገበው ጥምቀት ወደ ከተማችን ከአገር ውስጥም ከውጭም እንግዳ ያመጣል። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ያሉት ሦስት ቀናት የታቦታቱ ናቸውና በእነርሱ ላይ ሌላ ነገር መደረብ አይገባም፤ ትርኢቱ ጥር 13 ቀን ቢከፈትና ለአራት ቀናት ቢቆይ፣ እንግዳው ሳይበተን አርሶ አደሩን ያገኘዋል። ቀኑ በየዓመቱ ይኸው ይሁን፤ ጥር 13 ከሆነ ጥር 13 ይሁን። ለባለሥልጣን መርሐ ግብር ሲባል አንድ ጊዜ ወደ የካቲት፣ አንድ ጊዜ ወደ ሚያዝያ የሚገፋ ዝግጅት ማንም ጠቦት አይቀልብለትም።

ዳኝነቱን ለአንድ መሥሪያ ቤት መስጠት የነበረውን መድገም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራን፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችና ከብት አዋቂነታቸው በአካባቢያቸው የተመሰከረላቸው ሽማግሌዎች አብረው ቢቀመጡና እያንዳንዱን ውሳኔ በድምፅ ማጉያ፣ አርሶ አደሩ በሚገባው አማርኛ ቢያስረዱ ይበቃል። ከየወረዳው የሚመጣ ከብት ሲገናኝ አፍተግርም ሆነ በበግና በፍየል ላይ የሚከሰተው ደስታ መሰል በሽታ ሊዛመት ስለሚችል፣ ቀድሞ ያልተከተበና በር ላይ ያልተመረመረ እንስሳ ወደ ግቢው መግባት የለበትም። በዚህ ላይ ቸልተኝነት ከተፈጠረ አንድ ትርኢት የአንድን ወረዳ መንጋ ሊያስጨርስ ይችላል፤ ይህን የምለው በሥራዬ ዘመን የበሽታ ወረርሽኝ ያየ ሰው ሆኜ ነው። የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችም ሥራቸውን የሚለማመዱበት መልካም አጋጣሚ ይሆናል። በሚኒሶታ ላም ስትወልድ፣ በግ ስትወልድ የእንስሳት ሐኪሞች በሕዝብ ፊት እያስረዱ የሚያዋልዱበት አዳራሽ ሁሉ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ አይገኝበትም።

«በዚህ ጊዜ ማን ስለ ትርኢት ያስባል?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። መንገድ ሰላም ሳይሆን ከብቱን ነድቶ የሚመጣ አርሶ አደር የለም፤ ሰው በሚሞትበት ወራት የጊደር ውድድር አይዘጋጅም። የሚኒሶታው ትርኢትም ቢሆን ተቋርጦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በጦርነት፣ በ1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በነበረው የነዳጅ እጥረት፣ በ1946 በልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ፣ በ2020 በኮሮና ምክንያት አልተካሄደም። በተቋረጠ ቁጥር ግን የሚመለስበት ቀን የታወቀ ስለነበረ ተመልሷል። እኛም ሰላሙ ሲመጣ ከዜሮ እንዳንጀምር ደንቡን አሁን ማዘጋጀት እንችላለን። በጀት የለም ለሚለውም፣ የመጀመሪያው ዓመት በሦስት ውድድር ብቻ ቢጀመር ከጥቂት ድንኳን፣ ከውኃ ቦቴና ከአንድ የድምፅ ማጉያ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ሦስቱ ነጭ ጤፍ፣ የፎገራ ጊደርና ማር ይሁኑ። ማርን የጨመርሁት ከባህላዊም ከዘመናዊም ቀፎ የሚቆርጡት ሰዎች ማራቸው በነጋዴ እጅ ከስኳር ጋር እየተደባለቀ ስማቸው መጥፋቱ ሲያንገበግባቸው ስለማውቅ ነው።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር እንዲታጎል አልፈልግም፤ በጠረጴዛው ላይ፣ በበረቱ አጥር ላይ፣ በማሩ ጋን ላይ የሚጻፈው ስም የአምራቹና የቀበሌው ስም ይሁን፤ ባልና ሚስት አብረው ያመረቱት ከሆነ የሁለቱም ስም ይጻፍ። ጤፉን የለቀመችው ሴት ከድንኳን ውጭ አትቁም።

ይህን ሥራ የሚጀምር አካል ቢገኝ እኔ ዳኛ ልሁን አልልም፤ ለዳኝነት ከእኔ የሚሻሉ አሉ። የመዝገቡን ሥራ ግን ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ጠዋት በር ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን እህልና እንስሳ በባለቤቱ ስም እመዘግባለሁ። በመጀመሪያው ቀን በመጀመሪያው መስመር የምጽፈውን ስም አውቀዋለሁ፤ ያ የደምቢያ አርሶ አደር ዛሬም በሕይወት አለና፣ በዚህ ሳምንት ቤቱ ድረስ ሄጄ ዘሩን እስካሁን ይዞት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የግብርና ልማት ሠራተኛ
ጎንደር